የጋሻው ጀርባ

(በደን ዳር ባለች ከተማ የባህል አዳራሽ፤ የሥዕል ትርዒቱ ሊከፈት አንድ ሰዓት ቀርቶታል። የቀድሞው አዳኝ አቶ ወዳጆና የሟች ወንድማቸው ልጅ ሠዓሊዋ ወይንሸት በር የሚያህል ሸራ ፊት ቆመዋል።)

ወዳጆ፦ ይቺን አውርጃት አልኩሽ!

ወይንሸት፦ አሥራ አንዱን ሥዕሎች ወደዷቸው፤ ይቺ ምን አደረገችዎት፣ ጋሼ?

ወዳጆ፦ ጋሻዬን ያዋስኩሽ ፊቱን እንድትስይ ነው። ቀዩ አፈር አለ፣ ነጩ መስመር አለ፣ ያ ዓይን የመሰለው ክብ አለ። ጀርባውን ማን ይስላል? ሙሽራ በጀርባዋ ፎቶ ትነሳለች?

ወይንሸት፦ ፊቱን አውሬውም ያየዋል። ጀርባውን የሚያየው የያዘው ሰው ብቻ ነው። እኔ የፈለግሁት የያዘውን ሰው ነው።

ወዳጆ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! የያዝኩት እኔ፤ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ።

ወይንሸት፦ እንግዲያው እንዴት እንደያዙት ያሳዩኝ።

ወዳጆ፦ ስንቴ ልንገርሽ? ጎሹ ከቀርከሃው ወጣ፣ አባትሽን ጣለው፤ እኔ ጋሻዬን ይዤ በላዩ ቆምኩ። አገር ያውቀዋል። ሠርግ ቤት ወንበር የሚለቀቅልኝ በምን ሆነና?

ወይንሸት፦ እሱን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ብቻ አንዴ ይያዙልኝ። ይኸው ጋሻው።

ወዳጆ፦ በግራ እጄ... አልገባ አለኝ፤ አርጅቻለሁ።

ወይንሸት፦ በግራዎ አይገባም። እኔም ሞክሬዋለሁ። መያዣው ለቀኝ እጅ ነው የተሰፋው፤ የአውራ ጣት ማረፊያው ሳይቀር።

ወዳጆ፦ ቆዳ ሲደርቅ ይጣመማል።

ወይንሸት፦ ቆዳ ይጣመማል፤ ስፌት ግን ቦታ አይለውጥም። እርስዎ ጦር የሚይዙት በቀኝ፣ ጋሻ በግራ ነው። ግራኙ አባቴ ነበር።

ወዳጆ፦ ቀስ በይ! ጥበቃው ይሰማል።

ወይንሸት፦ የእርስዎ ጋሻ የት ወደቀ፣ ጋሼ?

ወዳጆ፦ ...ወንዙ ማዶ። ስሮጥ ከበደኝ። ስመለስ አባትሽ ሞቶ ነበር። የእሱን ጋሻ አንስቼ መጣሁ። ሰዉ ደሙን አየና ጀግና አለኝ። አንቺ ገና በሆድ ነበርሽ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ምን ብዬ ልናገር? በማግስቱ መናገሩ ከበደ፤ በዓመቱ ደግሞ ጭራሽ በር አጣሁለት።

ወይንሸት፦ ሠላሳ አምስት ዓመት!

ወዳጆ፦ የጋሻውን ጀርባ ለግድግዳ ሰጥቼ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ መጠጥ ተውኩ። በብሩሽ ይመጣብኛል ብዬ መች አሰብኩ?

ወይንሸት፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ወዳጆ፦ ይጥራ፤ ስሞት ይጥራ! መያዣውን የሰፋችው እናትሽ ናት። አሁን ትመጣለች። በዓል በመጣ ቁጥር ከእጇ እጎርሳለሁ፣ ገባሽ? ዓይኗ አንዴ ካረፈበት አለቀልኝ። ልጄ፣ አውርጂልኝ። ዝም አይነቅዝም።

ወይንሸት፦ እኔማ በአሥራ አንዱ ጨርሼ ነበር፣ ጋሼ። ገልብጠሽ ሳዪው ያለችኝ እሷ ናት።