ሞረዱ ማንንም አልነካም

የምስክር ቃል መቀበያ

ምስክሯ፦ የተጎጂው ልጅ፣ የተያዘው ሰው ባለቤት
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የሆቴል ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ በአባቷ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ማንነቴ ከላይ እንደተገለጸው ሆኖ፣ ትናንት እሁድ በቤታችን ውስጥ በአባቴ ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን ለመናገር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ትናንት ፖሊሶች ሲመጡ እዚያው ቆሜ አፌን መያዜ እውነት ነው።

ሥራዬ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነው። የክፍሎች ተቆጣጣሪ ለመሆን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ስለሚጠይቅ ከሥራ መልስ ትምህርት እከታተላለሁ። አባቴ ደብተር ይዤ ስወጣ ባየ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜሽ ፊደል ልትቆጥሪ ነው ወይ እያለ ይስቅብኛል። ባለቤቴ አይስቅም፤ ነገር ግን ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ውሎ ስለሚመጣ ምን ተማርሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አባቴ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባለቤቴ የብረታ ብረት ሠራተኛ ሲሆን፣ ይሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ሲዘጋ ኪራይ መክፈል አቅቶን አባቴ ቤት ገባን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው። አባቴ ባለቤቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ የሚጠራው "ብረቱ" እያለ ነው። ብረቱ በላ፣ ብረቱ ተኛ፣ ብረቱ መታጠቢያ ቤቱን ያዘው ይላል። ባለቤቴም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ባለፈው ዓርብ አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰጠን። ቤታችሁ ገብታችሁ ሰው ጠይቁና ቃሉ ስንት ነገር እንደሚጠራበት ይዛችሁ ኑ ብሎ አዘዘን። ለእኔ የደረሰኝ "ፋይል" የሚለው ነው። አስተማሪው ስወጣ በሩ ላይ አስቁሞኝ፣ ያንቺ ቢያንስ ሦስት አለው፣ በአንዱ እንዳትረኪ ብሎኛል። ስለዚህ ቃሉ የአንድ ነገር ብቻ ስም እንዳልሆነ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። ይህን መርማሪው እንዲጽፍልኝ የፈለግሁት ጥፋቱ የተጀመረው ከዚህ ስለሆነ ነው።

እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ምሳ በልተን ገበታው ሳይነሳ ደብተሬን ዘርግቼ ሁለቱንም ጠየቅኋቸው። አባቴ ፈጠን ብሎ፣ ይህማ የእኔ ዕቃ ነው፣ ፋይል ማለት የሰው ጉዳይ የሚታቀፍበት ወረቀት መያዣ ነው አለ። ባለቤቴ ደግሞ የለም፣ ፋይል ማለት ሞረድ ነው፣ ብረት የምናለሰልስበት፤ የወረቀቱ ስሙ ሌላ መሆን አለበት አለ። አባቴ ሳቀ። "ሠላሳ ዓመት ፋይል ስሸከም ኖሬ አንተ ፋይል ልታስተምረኝ?" አለው። ባለቤቴ ከአልጋው ሥር የዕቃ ቦርሳውን ስቦ ሞረዱን አወጣና ደብተሬ ላይ አስቀመጠው። "አባባ፣ ይኸው እጀታው ላይ ተጽፏል፤ ያንብቡት" አለ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ካነበበ በኋላ ግን ባሰበት። "አንድ ስም ለሁለት ዕቃ? እንግሊዞቹ ስም የቸገራቸው ድሆች ናቸው እንዴ?" አለ።

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ ዳኚን አሉኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። አላልኩም። እስቲ ተከራከሩ ብዬ ሳቅሁ። ለምን ተብዬ ብጠየቅ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ደብተሬን እንደ ቆሻሻ ሲያልፉት ኖረው ያን ቀን ሁለቱም በእኔ ትምህርት ሲፋለሙ ደስ ስላለኝ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። አሁን ስናገረው እንኳን ፊቴ ይቃጠላል።

ክርክሩ ከፋይል አልፎ ወደ ቤቱ ዞረ። አባቴ ተነስቶ ሞረዱን በእጁ ከገበታው ላይ ጠረገው፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አነሳው። አባቴ፣ በሰው ጣሪያ ሥር እየኖርክ አትሟገት፣ መጀመሪያ የራስህን በር ይዘህ ና አለው። ባለቤቴ ሞረዱን እንደያዘ ወለል ወለሉን እያየ ቆመ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እሱ ምን ያድርግ? ይህን ለቅመሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ" አለኝ።

እኔም ብድግ ብዬ አባቴን በሁለት እጄ ደረቱ ላይ ገፈተርኩት። ወደ ኋላ ሲል የወንበሩ እግር ጠልፎት በጎኑ ወደቀ፤ ከቅንድቡ በላይ የብረት አልጋው ጠርዝ መታው። ደም ፈሰሰ። ባለቤቴ የዚያን ጊዜ ከአባቴ በገበታው ማዶ ቆሞ ነበር። ሞረዱ ማንንም አልነካም።

ድምፅ ሰምታ የገባችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷ ያየችው አባቴን መሬት ላይ፣ ባለቤቴን ብረት ይዞ ነው፤ ስለዚህ ሰው ገደለ ብላ ብትጮህ አልፈርድባትም። ፖሊሶች መጥተው ማነው ሲሉ ባለቤቴ ወደ እኔ ሳያይ "እኔ ነኝ" አለ። እኔ የአባቴን ግንባር በፎጣ ይዤ ነበር። ባለቤቴ እጁ ታስሮ ሰፈርተኛው በየበሩ ቆሞ እያየው ሲወጣ፣ ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም። ፎጣውን ብቻ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ።

ክሊኒክ ሄደን ቁስሉ ተሰፍቶ ሲያበቃ ፖሊሱ አባቴን ማን እንደመታው ጠየቀው። አባቴ እኔን ትክ ብሎ አየኝና፣ ቤቱ ጨለማ ነበር፣ አላየሁም አለ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። ቤት ገብተን ካስተኛሁት በኋላ፣ "ለባልሽ የሚበላ ወስደሽለታል?" አለኝ። "ባልሽ" ሲል መስማቴ የመጀመሪያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ምግብ ይዤለት እዚህ መጥቼ ከባለቤቴ ጋር በሽቦው በኩል ተገናኝተናል። እኔ እናገራለሁ ስለው ተቆጣኝ። "እኔ ሥራ የለኝ፣ ምን ይነጥቁኛል? አንቺ በዚህ ወር ትፈተኛለሽ። ስምሽ ፖሊስ ጋ ከገባ ያሳልፉሻል? ሂጂ፣ ከትምህርትሽ እንዳትቀሪ" አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ እኔን ለመደበቅ ተስማሙ። የዚህን ያህል ዋጋ ያለኝ አይመስለኝም። ከጣቢያው ወጥቼ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ባለቤቴ እንዲፈታልኝ፣ የሚጠየቅ ካለም እኔ እንድጠየቅ እለምናለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። መርማሪው ሲያነብልኝ "ገፈተርኩት" ከሚለው በፊት "ሳላስበው" የሚል ቢገባ ለእኔ እንደሚሻል ነግሮኝ ልጨምርልሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ስለ ደግነቱ አመስግኜዋለሁ። መውደቁን አላሰብኩም፤ መግፈተሩን ግን አስቤዋለሁ፣ እጄም ሲያርፍበት ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ቃሉ እንዳይጨመር ነግሬ፣ የተጻፈው ሁሉ እኔ ያልኩትና የሆነው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል