በሙሉ ድምፅ

አዋሳ፣ ከባህል አዳራሽ በተሳፈርኩበት ጋሪ ላይ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ያወራሉ፤ አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ጉንፋን ነው?»

«የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ነው። ጓድ ሊቀመንበሩን በሙሉ ድምፅ ምረጡ አሉን፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።»

«ወይ ጋሼ! እሱ እኮ ሁላችሁም እጃችሁን አውጡ ማለት ነው።»

«ታዲያ እጅ አይሉም?»

«ለመሆኑ ምን ብለው ጮሁ?»

«አልፈልግም! ብዬ።»

«ኧረ ቀስ ይበሉ! ሥራ አስኪያጁ እንኳ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አያስነጥስም።»

«አይዞህ፣ ክፉ አልተጻፈብኝም።»

«ቃለ ጉባኤው ምን ይላል?»

«በሙሉ ድምፅ ተመረጡ ይላል። የጮህኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የእኔን ድምፅ ማለታቸው ነው።»

መውረጃዬ ስደርስ «ወራጅ አለ» ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።