ሲደመር ሲቀነስ ስንት?

ኧረ ጸጥታ! ወንበር ያላገኛችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሰዓትህን አትይ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነህ፣ የሚያመልጥህ ፈረቃ የለም።

ይህ ሰው መጀመሪያ ሥራ የገባ ዕለት ከባቡር ጣቢያ ተቀብሎ ያመጣው ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሾፌራችን ነው። መንገድ ላይ፣ "ሥራዎ ምንድን ነው?" ይለዋል። "ከፀሐይ የሚመጡ ጥቃቅን ነገሮችን እቆጥራለሁ" ይለዋል። ሾፌራችን መንዳቱን ቀጠለ። ተራራው ሥር ደርሰው እንግዳው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ዋሻው ሲገባ ቢያይ ጊዜ፣ ወደ እኔ መጣና በጆሮዬ፣ "ሰውዬውን አድርሻለሁ። ግን ከፀሐይ የሚመጣ ነገር ሊቆጥር ጨለማ ውስጥ እየገባ ነውና እስቲ ረጋ ብላችሁ አነጋግሩት" አለኝ።

ዛሬ ቤተሰብም ጎረቤትም ስላለ ልንገራችሁ፤ ሰውዬው ደህና ነው። እሱ የሚቆጥረው፣ ኒውትሪኖ የምንለው ጥቃቅን ነገር ተራራውን በተከፈተ በር እንደሚያልፍ ሰው ዘው ብሎ ያልፋል። የሚረብሸን ሌላው ጨረር ደግሞ አብዛኛው እላይ ይቀራል። ዋሻ የምንገባው ለዚህ ነው። አሁን እንኳን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በየሴኮንዱ ስልሳ ቢሊዮን ገደማ እያለፉ ነው። አይሰማችሁም፤ አታስቡ። ከዚያ ሁሉ መሃል ዋሻው ውስጥ ባለው ታንከራችን ከሞላነው ፈሳሽ ጋር ተጋጭተው ብልጭ የሚሉት በቀን ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እነዚያን ቆጥረን፣ ከፀሐይ ወደ ምድር የሚፈሰው ምን ያህል እንደሆነ እንገምታለን። ሥራችን ይኸው ነው።

"ገደማ" አልኩ አይደል? ባልል ኖሮ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ጋሽ ገደማ ብለን ስም ያወጣንለት በከንቱ አይደለም። ቁጥር ይዞ የሄደ ሁሉ ከሱ የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ሲደመር ሲቀነስ ስንት?" ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያልተነገረለት ቁጥር ለሱ ወሬ ነው። የካፍቴሪያዋ እህታችን "ምሳ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል" ብትለው፣ "ሲደመር ሲቀነስ?" ይላታል። "መደመር እንጂ መቀነስ የለም! አርፈህ ተቀመጥ" አለችው። ባለቤቱም እዚሁ አለች፣ ትመስክር። "ስንት ሰዓት ትገባለህ?" ስትለው፣ "አሥራ ሁለት፤ ሲደመር ሁለት፣ ሲቀነስ ዜሮ" ይላታል አሉ። ምን አልሽ? ሲደመር ሦስት? እሺ፣ ተስተካክሏል።

ሙዙንስ የረሳ አለ? ሙዝ በተፈጥሮው ትንሽዬ ጨረር አላት። ዋሻው በር ላይ ቆሞ ቦርሳችንን ያስከፍተናል። "ኧረ ጋሼ፣ አንዲት ሙዝ ታንከሩን ምን ታደርገዋለች?" ስንለው፣ "ምንም። ዛሬ ሙዝ ካስገባችሁ ግን ነገ ምን ልታስገቡ ነው?" ይላል።

ነገም ማሞቂያ አስገባን።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ያን ክረምት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቆጠራችን ወር በወር ከፍ ከፍ አለ፤ ፀሐይን በተመለከተ አዲስ ነገር አገኘን ብለን ፈነጠዝን። ትልቁ ጉባኤ ላይ ውጤቱን የሚያቀርበው እሱ ነበር፤ ከዚያ መልስ የክፍሉ ኃላፊነት የሱ እንደሆነም ሁላችን እናውቃለን። ፊቱ ያልተፈታው እሱ ብቻ ነው። "ፀሐይ በአንድ ክረምት እንዲህ አትለወጥም፤ የተለወጥነው እኛ ነን" አለ። "ምን ተለወጥን?" ብንለው ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ይቺ ማሞቂያ መቼ መጣች?" አለ።

ብርድ ሲጠናብን ታንከሩ ሥር የሰካናት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ! እሷ አንዱን ጎን ስታሞቀው ፈሳሹ ውስጥ ለውስጥ መዞር ጀምሯል፤ ግድግዳው ላይ የነበረውን፣ እንደ ሙዟ ትንሽ ጨረር ያለውን ርዝራዥ ቆሻሻ ወደ መሃል አምጥቶታል። የቆሻሻውን ብልጭታ ነው እኛ ኒውትሪኖ ብለን የቆጠርነው። እግራችንን ስናሞቅ ፀሐይ ጨመረች ብለን ልናውጅ ነበር።

የዚያን ጊዜው አለቃችን፣ "ገደማውን ሰፋ አድርገህ አቅርበው፤ ማን ያውቃል?" አለው። "እኔ አውቃለኋ" አለ። ጉባኤው ላይ ወጣ፣ "ቁጥር አልያዝኩም፤ ታንከራችንን አሙቀነዋል" ብሎ ወረደ። ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ሄደ። እኛን ግን "በእናንተ ጦስ" ብሎን አያውቅም፤ አንድ ቀን እንኳን። ታንከሩን ሙቀት እንዳያገኘው በወፍራሙ አለበሰው፣ ለኛም ሹራብ ይዞልን መጣ። የኔን እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ።

ፈሳሹ እስኪረጋ፣ አዲሱ ቆጠራ እስኪጠራቀም ዓመታት ሄዱ። ጡረታው ቀድሞ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ሻይ እየጠጣን፣ "ቁጥሩን ሳላየው ልሄድ ነው" አለኝ። ይህንኑ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው።

ተሰበሰብንና ለስጦታ ቁጥሩን እናድርስለት ተባባልን። ይቻል ነበር እኮ! የመጨረሻዋን የስህተት ማጣሪያ ብንዘላት፣ ዛሬ በሚያምር ፍሬም አድርገን እንሰጥህ ነበር። ፍሬሙን ሁሉ መርጠናል። ከመሃላችን አንዷ፣ "ሲደመር ሲቀነስ ስንት ቢለንስ?" አለች። ፍሬም የሚባል ነገር ያነሳ ሰው ከዚያ ወዲያ የለም።

ስለዚህ ጋሼ፣ የመጣነው ባዶ እጃችንን ነው። ይቅርታም አንጠይቅህም፤ እንዲህ ያደረግኸን አንተው ነህ። መቼ ይደርሳል ብትለኝ፣ በመጪው ዓመት ገደማ። ሲደርስ ከማንም በፊት የሚደወለው አንተ ጋ ነው። ስልኩን አንሳና እንደ ልማድህ ጠይቀን፤ መልሱን ሳንይዝ አንደውልም። ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግንሃለን። በተለይ ግን ባዶ እጁን መውረድ የማያሳፍረው ሰው አጠገባችን ስለነበረ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ከባለቤትህ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ በልና ያቺን ፀሐይ ለአንድ ጊዜ እንኳን ሳትቆጥር ሙቃት። ስህተት የሌለው ልኬት የለም ብለህ አስተምረኸናል። አንድ አግኝተናል።

እንወድሃለን፤ ሲደመር ሲቀነስ ዜሮ።