ለመርከብ የተደገሰ ሰደቃ

ስሙኝማ። እሑድ ዕለት ኤርፖርት ሰው አድርሼ ወደ ኧርቪንግ ስመለስ ጋሽ ሰይድ ኮል አደረጉልኝ። «ሰደቃ አለኝ፤ ና ቅመስ» አሉኝ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ድሮ አገር ቤት መርከበኛ ነበሩ። ሶ እኔ ሰው ሞቶባቸው መሰለኝ። እንደገባሁ ፊቴን አጨፍግጌ «ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት! ማን ነው ያረፈው?» ስል ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። «ማንም አልሞተም፤ ሰደቃው ለመርከቤ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ «ብረት ሰደቃ ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው።

አልተቆጡም፤ ሳህኔን እየሞሉ ነገሩኝ። ያቺ መርከብ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ጭና እየሄደች፣ አፍንጫዋን ከአሸዋው አስጠግታ፣ የፊት በሯን ዘርግታ የምታወርድ ነበረች። በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ጉዞ ተመታች፤ ውሃ እየገባባት እንደምንም ዳር ደረሰች። «በሩ እንቢ ይለኛል ብዬ ስፈራ ወለል ብሎ ተከፈተ! ቁስለኛው ሳይቀር ወረደ። እኔ መጨረሻ ዘልዬ ዞር ስል ወደ ኋላ ተንሸራታ ሰጠመች። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም እስክንወርድ ጠበቀችን።»

«ውስጥ የቀረ የለም?» አልኳቸው።

«እሷ ብቻ» አሉኝ።

ዱዓው ሲጀመር እኔ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛው ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሚን!» አልኩ።