አሥራ አንድ ሰከንድ

ቅዳሜ ከቀትር በፊት፣ አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፤ ሰናይት የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች እናቶች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ናት፤ ሉባባ ከግሩፑ ከተባረረች አምስት ወር ሆኗታል፤ ዛሬ ከመተሐራ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ሰናይት፦ ነገርኩሽ እኮ፣ እትዬ ሉባባ። የተባረረ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው በጽሑፍ ነው። ቤቴ ድረስ የመጣውን ሁሉ መልሼ ካስገባሁ ደንቡ ምን ሊረባ?

ሉባባ፦ በጽሑፍ ነው ያመጣሁት። ይኸው።

ሰናይት፦ ማን ጻፈልሽ?

ሉባባ፦ ራሴ። አራት መስመር ናት፤ ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። አንብቢና እምቢ በይ። ሳታነቢ ብቻ እምቢ አትበዪኝ።

ሰናይት፦ «እኔ የፈድሉ እናት ሉባባ ሰይድ ነኝ። ከግሩፑ አስወጥተሽኛል። ያጠፋሁትን ብትነግሪኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መድኃኒት ሲገባ ልስማ።» … ያጠፋሁትን ብትነግሪኝ? ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄሽ የለም እንዴ?

ሉባባ፦ በምን?

ሰናይት፦ በጽሑፍ ነዋ። ስምሽን ጠርቼ፣ «የፈድሉ እናት፣ ከአድሚን በቀር ድምፅ መላክ ክልክል ነው» ብዬ።

ሉባባ፦ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።

ሰናይት፦ ምንም?

ሉባባ፦ ስሜ ተጽፎ ባየው እንኳ አላውቀውም። ያንቺን ፎቶ ሳይ፣ ከጎኑ ጽሑፍ ሳይ፣ «አይዞሽ ብላኝ ይሆናል» እልና ልብ እልክልሽ ነበር።

ሰናይት፦ አስታውሰዋለሁ። እኔ ማስጠንቀቂያ ስጽፍ አንቺ ቀይ ልብ ትልኪያለሽ። የምታሾፊብኝ ነበር የመሰለኝ።

ሉባባ፦ ላሾፍብሽ? ልጄ በመርፌ እየኖረ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ በምትነግረኝ ሴት ላይ ላሾፍ?

ሰናይት፦ የሚያነብልሽ ሰው አጣሽ?

ሉባባ፦ ፈድሉ ያኔ ፊደል አልቆጠረም። አባቱ አገዳ ቆራጭ ነው፣ እሱም እንደኔው ማንበብ አይችልም። ጎረቤት እንዳላስነብብ፣ ልጁ ስኳር እንዳለበት ጎረቤት አያውቅም። የስኳር ፋብሪካ አገር ተቀምጠው ስኳር ያዛቸው ብለው ይሳቁብን? ድምፃችሁ ሲጠፋብኝ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ስልክሽ ደህና ነው እናቴ፣ አንቺን ነው ያስወጡሽ» አለኝ። በማግስቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ፈድሉም ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። አሁን ደብተሬን እያየ «እማዬ፣ ‹ጨ› እኮ እግሯ ሦስት ነው» እያለ ይቆጣኛል።

ሰናይት፦ ግቢ እስቲ። ቁጭ በይ።

ሉባባ፦ ከመቀመጤ በፊት ይህችን ብልቃጥ ፍሪጅሽ ውስጥ አኑሪልኝ። ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል የሰጡኝ ኢንሱሊን ናት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልያታለሁ፤ ግን አውቶቡሱ እስኪነሣ ይሞቅባታል።

ሰናይት፦ አንድ ብቻ ነው የሰጡሽ?

ሉባባ፦ ሰኞ ገብቶ ለሰው ሦስት ሦስት ሲሰጡ ነበር አሉ። እኔ የሰማሁት ትናንት ነው። ለኔማ ወሬው የሚደርሰኝ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል። ይህች አንድ ወር ታደርሰኛለች። ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ የሚነግረኝ የለም። ሴትዮ፣ የመጣሁት ለዚህ ነው። ለክብሬ ቢሆን በቀረብኝ።

ሰናይት፦ ስጪኝ። … የፍሪጁ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ሉባባ፦ ኤልዳናስ? ሽምብራ ቆሎ ይዤላት ነበር። ስኳር የለው፣ ምን የለው።

ሰናይት፦ ወጣ ብላለች።

ሉባባ፦ ባገኛት ደስ ባለኝ። ሁላችን የምንጠራራው በልጆቻችን ስም አይደል? የኤልዳና እናት፣ የኤልዳና እናት ስል ኖሬ፣ ልጅቷን ያሳደግኳት ያህል ነው የምትናፍቀኝ።

ሰናይት፦ ወደ ጉዳይሽ እንመለስ። ጥፋትሽ ድምፅ መላክ ብቻ ቢሆን አልፍሽ ነበር። አንቺ የባህል መድኃኒት አስተዋውቀሻል።

ሉባባ፦ እኔ?

ሰናይት፦ በመጨረሻው ድምፅሽ። «እኔ ቤት በገንቦ የማስቀምጠው ነገር አለ፣ ልጄን ያተረፈልኝ» ብለሻል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ሉባባ፦ ከዚያስ?

ሰናይት፦ ምን ከዚያስ?

ሉባባ፦ ከዚያ ቀጥዬ ምን አልኩ?

ሰናይት፦ ከዚያማ አስወጣሁሽ። ድምፁንም አጠፋሁት።

ሉባባ፦ ምን ያህል ሰማሽኝ?

ሰናይት፦ አሥራ አንድ ሰከንድ።

ሉባባ፦ ቆጥረሽዋል።

ሰናይት፦ ስልኩ ነው የሚቆጥረው። እትዬ ሉባባ፣ ስምንት መቶ አርባ እናት ነው ያለው። ሁሉም አምስት አምስት ደቂቃ ቢያወራ ማን ይሰማዋል? እኔም ሥራ አለኝ፣ እኔም ሰው ነኝ።

ሉባባ፦ ገንቦው ውስጥ መድኃኒት የለም። ትልቁ ገንቦ ውስጥ ትንሹን አስገባለሁ፤ በመሀላቸው አሸዋ እሞላና አሸዋውን ውሃ አጠጣዋለሁ። ኢንሱሊኗን በላስቲክ አስሬ ትንሹ ውስጥ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። በመተሐራ ሙቀት መብራት ጠፍቶም ቀዝቅዛ ትቆያለች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት ያሳየችኝ። አንዲት እናት «መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፣ የልጄ መድኃኒት ሊበላሽብኝ ነው» ብላ ስታለቅስ ሰማኋት። እሷም በድምፅ ነበር። ለሷ ነው የመለስኩላት።

ሰናይት፦ ለማቀዝቀዣ?

ሉባባ፦ ለማቀዝቀዣ። ያቺ ሴት ምን ሆነች?

ሰናይት፦ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋም ጽሑፏም የለም።

ሉባባ፦ ከዕድር እንኳ ሰው ሲያስወጡ ሦስት ጊዜ ጠርተው፣ መሀል አቁመው «ምን ትላለህ?» ይሉታል። ሌባ ሲያዝ እጁን ነው የሚያስሩት፣ አፉን አይደለም። አንቺ በአንድ ጣት ነካ አድርገሽ ጨረስሽ።

ሰናይት፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ካንቺ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ነበር። «ሥር አለኝ፣ መርፌ ያስቆማል» እያለ ረጃጅም ድምፅ ይልካል። ለስላሳ፣ አባት የመሰለ ድምፅ። አስወጪው ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ሰው ሳይሰማ አይባረርም ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንዲት እናት አመነችው። ልጅቷ ከመርፌው ብዛት ጭኗ ጠቁሮ፣ ማታ ማታ «ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ» ስትላት አንጀቷን በላቻት። ሦስት ቀን አቆመችላት።

ሉባባ፦ ሱብሐነላህ። ልጅቷስ?

ሰናይት፦ በአራተኛው ቀን ሞተች።

ሉባባ፦ ወየው።

ሰናይት፦ ደንቡን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሥር ያለ ይወጣል፣ ቅጠል ያለ ይወጣል፣ ገንቦ ያለም ይወጣል። አንዲት ንጹሕ ሴት ብትባረር ትባረር፤ ሌላ ልጅ አይሞትብኝም።

ሉባባ፦ ንጹሕ ሴትዮዋ እኔ ስሆን፣ የኔስ ልጅ?

ሰናይት፦ እሱን አትበዪኝ።

ሉባባ፦ እላለሁ እንጂ። የሱን ጥፋት በኔ ነው የተወጣሽው። እሱን እስከ መጨረሻው ሰምተሽ፣ እኔን አሥራ አንድ ሰከንድ።

ሰናይት፦ ደንቡ የተባረረ ሰው እስከ አንድ ዓመት አይመለስም ይላል። ላንቺ ከፈታሁት ነገ ሁሉም ይመጣል።

ሉባባ፦ የጻፍሽው አንቺ፣ የምትፈቺው አንቺ። ማንን ነው የምትፈሪው?

ሰናይት፦ ራሴን። ልቤ ሲራራ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። አልችልም፣ እትዬ ሉባባ። ይቅር በዪኝ።

ሉባባ፦ እሺ። አልሐምዱሊላህ። አንብበሽልኛል፤ እሱም አንድ ነገር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ልርሳልሽ እሞክራለሁ። ቆሎው ለኤልዳና ይቀመጥላት። ብልቃጤን ስጪኝ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ።

ሰናይት፦ ይኸው። በደህና ግቢ።

ሉባባ፦ ምነው ታለቅሻለሽ? የተባረርኩት እኔ፣ የምታለቅሺ አንቺ።

ሰናይት፦ ሂጂ በቃ፣ ልጁ ይጠብቅሻል።

ሉባባ፦ ቆይ። ይህች የኔ አይደለችም። የኔ አልተከፈተችም፣ ይህች ግማሽ ናት። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል።

ሰናይት፦ ተሳስቼ ነው። ስጪኝ።

ሉባባ፦ ቆይ ላንብባት። የተ… ከፈ… ተ። የተከፈተ። ታ… ኅሣሥ ዘጠኝ። አየሽ፣ የልጅሽን ነው የሰጠሽኝ። አምና ቢሆን ይዣት ሄጄ፣ ፈድሉን ወግቼው ነበር።

ሰናይት፦ ስጪኝ አልኩሽ።

ሉባባ፦ ዓመቱም አለ። ይሄማ ያምናው ታኅሣሥ ነው። «የተከፈተ ብልቃጥ ወር ካለፈው ጣሉት» ብለሽ በድምፅሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። ምነው ይህችን አልጣልሻት?

ሰናይት፦ አልችልም።

ሉባባ፦ እንዴት አትችዪም? ኤልዳና ታዲያ አሁን ምኑን ነው የምትወጋው? … የኤልዳና እናት፣ ልጅቷ የት ነው የወጣችው?

ሰናይት፦ ያቺ ሥሩን ያመነች እናት እኔ ነኝ።

ሉባባ፦ ኢና ሊላሂ።

ሰናይት፦ ከግሩፑ ማንም አያውቅም። ወጣ ብላለች፣ ተኝታለች፣ ፈተና ላይ ናት እያልኩ ዓመት አለፈኝ። የደንቡን አንደኛ ቁጥር ታውቂያለሽ? «አባል የምትሆነው ልጇ መርፌ የሚወስድ እናት ብቻ ናት።» በገዛ ደንቤ መጀመሪያ መውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከወጣሁ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የኤልዳና እናት ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው አይኖርም። ለዚህ ነው የሙጥኝ ያልኩት።

ሉባባ፦ አንቺ ሴት።

ሰናይት፦ ስልኩ ይኸው። መልሼ አስገብቼሻለሁ፣ ስምሽ ያው። አሁን መጻፍም ችለሻል። ጻፊላቸውና ይፍረዱ። ስምንት መቶ አርባዎቹም ይወቁት።

ሉባባ፦ ስልኩን አስቀምጪው። እኔ ያልሰማሁትን አልፈርድም።

ሰናይት፦ ነገርኩሽ እኮ። ምን ቀረ?

ሉባባ፦ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው የነገርሽኝ። የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ አለ፣ እሱ ያደርሰኛል። ቁጭ በይ፣ የኤልዳና እናት። ከተወለደችበት ቀን ጀምሪልኝ፤ እስከ መጨረሻው እሰማሻለሁ።