ድንኳኔን የጠበቁልኝ አባባ

ከቢቸና ሞጣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ማታ ማታ ዱር ውስጥ በድንኳን አድራለሁ፣ የሰው ደጃፍ አልረግጥም ብዬ መሥሪያ ቤት ስፎክር ከረምኩ። ጉንደ ወይን ሳልደርስ የመጀመሪያው ቀን መሸብኝና ገደል አፋፍ ላይ ድንኳኔን ተከልኩ። ገመዱን ወጥሬ እንኳ ሳልጨርስ፣ ከላይ ካለው ጎጆ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።

«ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አባባ! ደጅ ማደር አምሮኝ ነው።»

«ቤት እያለ? ነገ ሰዉ ‹እንግዳ ደጅ አሳደረ› ሲለኝ ምን ልል ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ሻንጣዬን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ ምን ላድርግ፣ ተከተልኳቸው። ባለቤታቸው እግሬን አጠቡኝ፣ ብላ ጠጣ ተባልኩ፣ ይባስ ብሎ የራሳቸው አልጋ ተለቀቀልኝ። «ድንኳኑስ?» ብላቸው፣ «የእንግዳ ዕቃማ ብቻውን ደጅ አያድርም፤ እኔ እጠብቅልሃለሁ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡበት።

እኔ በክብር አልጋዬ ላይ ከቁንጫ ጋር ስታገል፣ የጠባቂዬ ማንኮራፋት ከደጅ እየተሰማኝ ነጋ። ጠዋት ከድንኳኑ ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ምን እንቅልፍ አለ ልጄ፣ ዓይኔን ሳልከድን ስጠብቅልህ አደርኩ» አሉኝ፤ ጉንጫቸው ላይ የድንኳኑ ስፌት ታትሞ ይታያል። ከዚያ ድንኳኑን እየዳሰሱ፣ «ስትመለስም በዚሁ እለፍ፤ ያኔ ደግሞ ባለቤቴ ትጠብቅልሃለች።»