የቡቺ ምድብ

እናንተዬ፣ ውሻም በምድብ በምድብ ነው ለካ! ልጄ ታደሰ ውሻችንን ቡቺን ቡሬ ከተማ ላለ ወዳጁ ሊሰጥብኝ ቆርጦ ነበር። «እማዬ፣ ሌባ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ ይቀበላል፤ ዝንጀሮ በቆሏችንን ሲጨርስ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ምን ይሠራልናል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ምን ልበል? እኔ ግን ቡቺን እወደዋለሁ። ሊወስደው በተነሣበት ቀን ሴት ልጁ ሄለን በስልኳ የፈረንጅ የውሻ ውድድር ታያለች። «እማማ፣ እዪ፣ በየሥራቸው እኮ ነው የሚመድቧቸው! እነዚህ ከብት ጠባቂዎች፣ እነዚያ አዳኞች፣ እነዚህ ደግሞ የቤት ዘበኞች።» ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ምንም የማይሠራውስ?» አልኳት። «እሱም የራሱ ምድብ አለው! ሥራው ታቅፎ ሰው ማጫወት ነው።» «ይሸለማል?» «አንዳንዴማ ከሁሉም አንደኛ ይወጣል።»

ወዲያው ወደ ታደሰ ዞርኩ። «ሰማህ? ቡቺ ሥራ ፈት አይደለም፤ ምድቡን የሚያውቅለት አጥቶ ነው።»

«እማዬ፣ ይሄን ጥጃ የሚያክል ውሻ ማን ሊያቅፈው ነው?»

«አንተን እስከ ሠላሳ ዓመትህ ያቀፍኩ ሴትዮ ቡቺ ያቅተኛል?»

ሄለን በሳቅ ወደቀች። ታደሰም ሳቁ እያመለጠው ስልኩን አወጣና ቡሬ ደወለ። «ወንድሜ፣ ሌላ ውሻ ፈልግ» አለው፤ «የኛው እናቴ ዘንድ ሥራ ይዟል።»